ክሩ ከውኃ በላይ፦ የጀልባ ደኅንነት ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችንን ስም ሰምተው «ጀልባ ላይ ዕቃ ለመጫን ደግሞ ምን ክበብ ያስፈልጋል?» ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። ጥያቄውን በቅንነት ስለተቀበልነው መልሱን በዚህ ዘገባ ማቅረብ ይገባናል። ትምህርት ቤታችን ጣና ዳር ነው፤ ከልጆቻችን ብዙዎቹ ፊደል ሳይቆጥሩ ታንኳ ላይ ወጥተዋል፤ ይሁን እንጂ ጀልባው ስንት ኪሎ ግራም እንደሚችል ጠይቆ የሚሳፈር ሰው፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እምብዛም አላጋጠመኝም።

ክበቡ በጥቅምት ወር 23 አባላት ይዞ ሥራ ጀመረ። ያለን ጀልባ በስጦታ የተገኘ፣ ሁለት ሰው የሚቀዝፈውና ትንሽ ሸራ የሚወጠርበት አንድ ካያክ ብቻ ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከፍተኛ ጭነቱ 200 ኪሎ ግራም መሆኑን ይገልጻል። የአንደኛው ሴሚስተር ስብሰባዎቻችን ያለፉት ይህን ቁጥር በመመርመር ነው። ቁጥሩ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ቀዛፊዎቹን ከነልብሳቸው፣ ሸራውን ከነምሰሶው፣ የመጠጥ ውኃውንም ይጨምራል። 200 ሲሞላ ጀልባው ወዲያው ባይሰምጥም ጠርዙ ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ሸራው ነፋስ ይዞ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ደግሞ ትንሽ ማዕበል እንኳ ውኃ ለማስገባት ይበቃል። ስለዚህ ከ70 በመቶው፣ ማለትም ከ140 ኪሎ ግራም፣ እንዳናልፍ ወሰንን። ከባዱን ዕቃ ከታችና ከመካከል ማስቀመጥን፣ የፊትና የኋላውን ጭነት ማመጣጠንን፣ ምንም ነገር እንዳይንሸራተት ማሰርን በየሳምንቱ ተለማመድን።

በሁለተኛው ሴሚስተር የካያኩ የኋላ ክፍል ተሰንጥቆ ሰባት ሳምንት ያለ ሥራ ቆየን። የጥገናው ወጪ ከአባላት መዋጮ መሸፈኑን ወላጆች እንዲያውቁልን እንፈልጋለን።

በሚያዝያ ወር ያሰባሰብናቸውን ደብተሮች ለደብረ ማርያም ደሴት ልጆች ለማድረስ ወጣን። ማለዳው ጸጥ ያለ ነበር፤ ጣና ግን ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚያነሣ ሁላችንም ስለምናውቅ ችኮላ ነበረብን። ሁለቱ ቀዛፊዎች 103፣ ሸራው፣ ምሰሶውና መሪው 11፣ የቀረው አስፈላጊ ዕቃ 12 ኪሎ ግራም ሆኖ ተመዘነ። እያንዳንዳቸው 7 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አራት እስር ደብተሮች ነበሩን፤ በሕጋችን መሠረት የሚጫኑት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አጃቢው የሞተር ጀልባም በተፈቀደለት ልክ ሰው ይዞ ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ብዬ አራቱም እንዲጫኑ አዘዝሁ፤ ድምሩ 154 ነው፣ ከ200 ብዙ ይርቃል ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

በስብሰባ ላይ እምብዛም የማትናገር አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አለችን፤ አያቷ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ከጉዞው በፊት በነበረው ልምምድ፣ ካያኩ 140 ኪሎ ግራም በያዘበት ሰዓት፣ ውኃው ከደረሰበት ትንሽ ከፍ አድርጋ ቀይ ክር በፕላስተር ለጥፋ ነበር። አራተኛው እስር ሲጫን ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ የጀልባውን ጎን በጣቷ ዳሰሰችና «ቲቸር፣ ክሩ ጠፋ» አለችኝ። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነበር። ከዚያ አያቷ ታንኳቸውን ማታ ማታ ከውኃ አውጥተው አቁመው እንደሚያደርቁት፣ ደንገሉ የጠጣው ውኃ ራሱ ጭነት ስለሆነ ትናንት የቻለውን ታንኳ ዛሬም ይችላል እንደማይሉ ነገረችን። ሁለቱን እስሮች በእጄ አወረድሁ፤ ክሩም ተመልሶ ታየ። ፊዚክስ ሳስተምር በሰሌዳ ላይ የምጽፈውን ሕግ፣ የተጨመረ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም አንድ ሊትር ውኃ እንደሚገፋ፣ እንደዚያ ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ነፋስ ስለተነሣ የቀሩትን ደብተሮች ያደረስነው በሳምንቱ ነው። በተከታዩ ስብሰባ የእንግሊዝ የምክር ቤት አባል የነበረው ሳሙኤል ፕሊምሶል ያለመታከት ተሟግቶ በ1876 እ.ኤ.አ. የንግድ መርከቦች ጎን ላይ የጭነት ልክ መስመር እንዲሰመር የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣ ማድረጉን ነገርኋቸው። ልጅቷ ስለ እርሱ ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም።

ያሉን የሕይወት አድን ጃኬቶች ስድስት ብቻ በመሆናቸው ከ23 አባላት 17ቱ ተራቸውን የሚጠብቁት ዳር ቆመው ነው። ለስፖርት ቀን ድንኳን በየዓመቱ የሚከራይበት ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ጃኬት፣ ውኃ የማያስገቡ ጥቂት ከረጢቶችና እስከ 150 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሚዛን መግዛት አይሳነውም ብለን እናምናለን። ዓመቱን ሙሉ የተጠቀምንበትን ሚዛን ያዋሰን አንድ የእህል ነጋዴ ነው፤ ሰኔ 21 ቀን ከምስጋና ጋር መልሰንለታል።