ደብዳቤ ለልጄ፦ ማክሰኞ ማታ ከመሄድሽ በፊት

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ የግላስጎ ዝናብ ብቻ ነው ያላባራው።

አበርዲን ላይ የስኮቲሽ ካንትሪ ዳንስ ቡድን አግኝተሽ ማክሰኞ ልትጀምሪ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። «ምን ልወቅ?» ያልሽኝን በስልክ ልመልስልሽ አልቻልኩም፤ የእግር ነገር በወሬ አይያዝም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ፦ ይህ ዳንስ የስምንት ሰው ሥራ ነው። በሰዓቱ ቦታሽ ላይ ከተገኘሽ፣ እርምጃሽ ቢበላሽም ዳንሱ ይቀጥላል። እርምጃሽ አምሮ ዘግይተሽ ከደረስሽ ግን ሰባት ሰው ታደናቅፊያለሽ። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ እዚሁ ላይ ይመለሳል።

ከጫማው ልጀምር። ጊሊ የሚሉት ተረከዝ የሌለው፣ ማሰሪያው ረጅም የሆነ ለስላሳ የቆዳ ጫማ ነው። ለመጀመሪያው ማታ አትግዢ፤ ሶሉ ስስና ልሙጥ የሆነ ጠፍጣፋ ጫማ ይበቃሻል። ስኒከር ግን ተዪ። ጎማው ወለሉን ይዞ ይቀራል፣ ሰውነትሽ ሲዞር እግርሽ አይዞርም፣ ጉልበት የሚጎዳውም እንዲህ ነው። ስትገዢ ጠበቅ ያለውን ምረጪ፤ ቆዳ እየዋለ ይሰፋልና ሱቅ ውስጥ ሰፋ ብሎ የተመቸሽ ጫማ ቆይቶ ከእግርሽ ይወልቃል። ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ስትጠመጥሚ ከተረከዝሽ በላይ ያለውን ጅማት እንዳያንቀው ከፊት ለፊት ቋጥሪው። አዲስ ሶል ያንሸራትታል፤ በሽቦ ብሩሽ ትንሽ ፈግፈግ አድርጊው።

አዳራሹ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት ነው። ሙዚቃው ያለበትን ጫፍ ራስጌ፣ ተቃራኒውን ግርጌ ብለሽ ያዢ። አራት ወንድና አራት ሴት በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የወንዶቹ ግራ ትከሻ፣ የሴቶቹ ደግሞ ቀኝ ትከሻ በራስጌ በኩል ነው። ራስጌ ያሉት አንደኛ ጥንድ ይባላሉ፣ እንዲህ እያለ እስከ አራተኛ ይወርዳል። ሰልፍ ሲሠራ ሁልጊዜ ከግርጌ በኩል ግቢ። ከራስጌ ያለው ሰው ጥንዶቹን በአራት በአራት እየቆጠረ ስለሚወርድ መሃል የሚሰነቀር ሰው ቁጥሩን ያፋልሰዋል፤ እንደ ነውርም ይታያል። የሚደንስ ጓደኛ ይዘሽ መሄድ አይጠበቅብሽም፤ በየዳንሱ ሰው ይቀያየራል፣ ባልና ሚስትም ሳይቀሩ። ሴቶች ስለሚበዙ ሴት በወንድ ቦታ መቆሟ የተለመደ ነው። አንቺ ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከተቻለ በሴቷ ወገን ብቻ ቁሚ፤ ሁለቱን ባንዴ ስትማሪ ቀኝና ግራሽ ይምታታል።

ባር የሚሉት የዜማውን አንድ ልኬት ነው። ዜማው በስምንት በስምንት ባር ይከፈላል፤ አንድ ዳንስ ብዙውን ጊዜ 32 ባር ነው። 32ቱ ስምንት ጊዜ ሲደገም እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሁለት ጊዜ መሪ ይሆናል። ከዜማ ዓይነቶቹ ፈጣኖቹ ሪልና ጂግ ናቸው፤ ስምንቱ ድግግሞሽ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዘገምተኛው ስትራዝፔ ስሙን ያገኘው ከስፔይ ወንዝ ሸለቆ ሲሆን 32 ባር ብቻውን አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጂግ በስድስት ስምንተኛ ምት ስለሚሄድ ጭክጭካ የለመደ ጆሮሽ ቶሎ ይይዘዋል። ከቆዩት የስኮትላንድ ዜማዎችም ብዙዎቹ እንደ ትዝታ ሜጀር ባለአምስት ድምፅ ናቸው፤ ገና ስትሰሚያቸው የምታውቂያቸው የሚመስልሽ ለዚህ ነው። ሰውነትሽን ግን ትገሪዋለሽ። እስክስታ ላይ የሚናገረው ትከሻ እዚህ ዝም ይላል፤ እጅ በጎን ዘና ብሎ ይወርዳል፣ ሥራው ሁሉ ከወገብ በታች ነው።

የመሄጃው እርምጃ ስኪፕ ቼንጅ ይባላል። በግራ እግርሽ ትንሽ ትዘያለሽ፣ ቀኙን ወደ ፊት ትረግጫለሽ፣ ግራውን ከቀኙ ተረከዝ ኋላ ታስጠጊያለሽ፣ እንደገና ቀኙን ወደ ፊት። በሚቀጥለው ባር እግሩ ይቀያየራል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ዝላዩ ላይ ነው። ዝላዩ ከባሩ በፊት ነው፤ ባሩ ሲመታ እግርሽ ወለል ላይ መሆን አለበት። ባሩ ላይ ከዘለልሽ በየባሩ ትንሽ ትንሽ እየዘገየሽ ስምንተኛው ላይ አንድ ሙሉ እርምጃ ይጎድልሻል። ሁለተኛው ስሕተት ወደ ላይ መዝለል ነው፤ ወደ ፊት ካልወሰደሽ ድካም ብቻ ነው ትርፉ። ሁልጊዜ በጣቶችሽ በኩል እረፊ፤ በተረከዝ ያረፈ ሰው ቅልጥሙ እስኪያመው አይቆይም፣ ይልቁንም ከእንጨቱ ሥር ኮንክሪት ካለ።

በቦታ ላይ የሚሠራው ፓ ደ ባስክ ነው። ወደ ቀኝ በቀኝ እግር ዘለል፣ የግራው ጣት ቀኙ እግር መሃል ፊት ላይ ይረግጣል፣ ከዚያ ክብደትሽ ወደ ቀኙ ይመለስና ግራው ትንሽ ወደ ፊት ይዘረጋል። ሦስት ምት ነው። ጀማሪው ሁለተኛውን በደንብ ስለማይረግጠው ሦስተኛው ይዋጣል፣ እርምጃውም ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይሆናል። ወጥ ቤት ውስጥ የጠረጴዛ ጫፍ ይዘሽ ያለ ዝላይ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልሽ በዝግታ ሥሪው፤ ሦስቱም እኩል ሲሰሙሽ ዝላዩን ጨምሪ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው የሦስት ሰው ሪል የሚሉትን ነው፤ ከዜማው ስም ጋር አታምታቺው፣ ይሄኛው የአካሄድ ዓይነት ነው። ሦስት ሰዎች በመስመር ቆመው ሦስቱም ባንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ስምንት ቁጥር ይጽፋሉ። ስምንት ባር ይወስዳል። መንገዱ ሰፊ ሁለት ቀለበት አለው፣ አደጋውም ቀለበቱ ላይ ነው። የፈራ ሰው ቀለበቱን ቆርጦ በአጭሩ ይዞራል፣ ስድስተኛው ባር ላይ ቦታው ይደርሳል፣ መሃል ላይ ከሚያልፈው ሰው ጋር ይጋጫል ወይም ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ዳር ላይ ስትሆኚ ከሚመስልሽ በላይ ሰፋ አድርገሽ ዙሪ። መለኪያ ልስጥሽ፦ ከጫፍ ከጀመርሽ አራተኛው ባር ሲያልቅ ተቃራኒው ጫፍ ላይ መሆን አለብሽ፤ ከመሃል ከጀመርሽ ደግሞ ያኔ መሃል ላይ ትገኛለሽ። የመጀመሪያው ትከሻ ቀኝ ይሁን ግራ በየዳንሱ ስለሚለያይ፣ አስተማሪዋ መንገዱን በእርምጃ ስታሳይ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ መጀመሪያ የማልፈው ማንን ነው፣ በየትኛው ትከሻ? የቀረው ተከትሎ ይመጣል።

ቆሞ መጠበቅም የዳንሱ ክፍል ነው። አንደኛው ጥንድ ከሰልፉ ውጭ በጀርባ ዞሮ አንድ ቦታ ሲወርድ ሁለተኛው ጥንድ በሁለት ባር ወደ ላይ መውጣት አለበት። ካልወጣ የሚወርደው ማረፊያ ያጣል። እንደገና ደግሞ፣ አንደኛ ጥንድ ሆነሽ ሁለት ጊዜ ከጨረስሽ በኋላ ሦስተኛ ቦታ ላይ ነው የምትገኚው፤ አዲሱ መሪ ሲጀምር በዝምታ ወደ አራተኛ ውረጂ፣ አራተኞቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህን የረሳ ጥንድ ሦስተኛ ጊዜ ሊጀምር ይነሳል፣ ሰልፉም ይተራመሳል።

መጥፋትሽ አይቀርም፤ ሁሉም ይጠፋል። ስትጠፊ አትሩጪ፣ ሰው አታሳድጂ፣ እግርሽንም አትመልከቺ። ቀና ብለሽ አብሮሽ የሚደንሰውን ፊት እዪ፤ ዓይኑ ወይም እጁ የት እንደምትሄጂ ይነግርሻል። እሱም ካላወቀ ወደ ቦታሽ ተመለሺና የሚቀጥለውን ስምንት ባር ጠብቂ። እጅ የሚሰጠው እንደ ሰላምታ፣ በትከሻ ቁመት ነው፤ በአውራ ጣት አታጥብቂ። ክርንሽ ትንሽ ይታጠፍ፤ ቀጥ ያለ ክንድ አዛውንቶቹን ትከሻቸው ላይ ይጎዳቸዋል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ድምፅ ላይ እጅ መንሳትም አትርሺ።

ይህን ሥርዓት ይዘው ያቆዩት ሁለት ሴቶች ናቸው። የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪዋ ጂን ሚሊጋንና ኢዞቤል ስቱዋርት በ1923 በፈረንጅ እዚሁ ግላስጎ የስኮቲሽ ካንትሪ ዳንስ ማኅበርን መሠረቱ፤ በ1951 «ሮያል» የሚለው ማዕረግ ተጨመረለት፣ የበጋው ትምህርት ቤት ደግሞ ከ1927 ጀምሮ ሴንት አንድሩስ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን እወቂ፦ ሰዎች «ጥንታዊ የኬልት ዳንስ» (ኬልት ጥንት በዚህ አገር የነበረ ሕዝብ ነው) ሲሉ ትሰሚያለሽ፤ ልክ አይደለም። ካንትሪ ዳንስ ከእንግሊዝ መጥቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኤዲንብራ አዳራሾች ከስኮትላንድ ሪል ጋር የተዋሐደ ነው። ኬልታዊውን ከፈለግሽ ጌሊክ በሚሉት በቆየው የስኮትላንድ ቋንቋ በሚዘፈነው ዘፈንና ክላርሳክ በሚሉት በገናቸው በኩል ፈልጊው፤ ትልቁ የጌሊክ ጉባኤ ሞድ ከ1892 ጀምሮ ያለ ነው።

ኬይሊ ከዚህ ይለያል። ቃሉ በጌሊክ ጎረቤት ቤት ሄዶ መጫወትን ያመለክታል፤ አሁን እርምጃ የማይጠየቅበት የዳንስ ማታ ሆኗል። ጌይ ጎርደንስ፣ ዳሺንግ ዋይት ሳርጀንትና ስትሪፕ ዘ ዊሎው የሚሏቸውን ሦስት ዳንሶች ካወቅሽ ማታውን ትወጪዋለሽ። ለሦስተኛው ቀለበትና አምባር አውልቂ፤ ክንድ ለክንድ ተያይዞ በፍጥነት መዞር ነው፣ ቆዳ ይቧጭራል። ኤይትሰም ሪል ሲጠሩ ደግሞ ውኃ ጠጥተሽ ግቢ፤ 40 ባር፣ ከዚያ ስምንት ጊዜ 48፣ ከዚያ እንደገና 40፣ በድምሩ 464 ባር ነው።

ቡድኑ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሄዶ ሲያሳይ አብረሽ ሂጂ። እዚያ ወለሉ ምንጣፍ ነው፣ ዝላዩን ቀንሺ። ቦታው ስለሚጠብ የሁለትና የሦስት ጥንድ ዳንስ ይመረጣል፣ ለዊልቸርም መተላለፊያ ይተዋል። ሲያልቅ ቶሎ አትውጪ፤ ተቀምጠው እጃቸውን እንዲያጨበጭቡ፣ ከቻሉም በተቀመጡበት እጅ ለእጅ እንዲያያዙ ማድረግ ከዳንሱ ይበልጣል።

ምግቡን ልንገርሽ። የበርንስ ማታ (የስኮትላንዱ ገጣሚ የሮበርት በርንስ መታሰቢያ) ጥር 25 በፈረንጅ ነው፤ ሃጊስ ይቀርባል፦ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር። ዱለት የበላ ሰው አይደነግጥም። የቅዱስ እንድርያስ ማታ ግን ኅዳር 30 በፈረንጅ፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ጽዮን ቀን ነው፣ ጾመ ነቢያትም ገብቷል። መሄድ አለመሄዱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ከሄድሽ ከምስርና ከአጃ የተሠራውን ሃጊስ አስቀድመሽ አስይዢ፤ ድንቹና ኒፕስ የሚሉት ቢጫ የሥር አትክልት በቅቤ ስለሚፈጭ ለአንቺ ሳይቀላቀል እንዲያስቀሩልሽ ጠይቂ። ሾርትብሬዱ ቅቤ ነው፣ አትንኪው። በተራሽ የምታመጪው ምግብ ሲደርስ ምስር ሳምቡሳ ውሰጂ፤ ሁሉም ይበላዋል።

ረቡዕ ጠዋት ባቶችሽ እንደ ድንጋይ ይሆናሉ። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶችሽ ቆመሽ ተረከዝሽን ቀስ ብለሽ ወደ ታች ልቀቂ፣ ሠላሳ ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ማታ ላይ ደውዪልኝና ሦስቱ ሰዎች መሃል ላይ ተጋጩ ወይስ አልተጋጩም፣ እሱን ንገሪኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ።
እናትሽ