አባዬ፣ የአባባን ፎቶ ላክልኝ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሜልበርን መብረድ ጀምሯል።

ዛሬ ኤፕሪል 25 ነው፣ የአንዛክ ቀን፣ እዚህ አገር የዘማቾች መታሰቢያ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ ከጎረቤቴ ከትልቋ ሴትዮ ጋር ሐውልቱ ጋ ሄድኩ። ሰው ደረቱ ላይ ምን እንደሚሰካ ታውቃለህ? የጥብስ ቅጠል! በዚያ ጨለማ ሲሸተኝ ቤታችን መጣብኝ።

የሴትዮዋ አባት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የ39ኛው ሻለቃ ተራ እግረኛ ነበሩ። ከዚሁ ከቪክቶሪያ የተሰበሰቡ ሚሊሻዎች ናቸው፣ ብዙዎቹ ገና የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች። መደበኛው ጦር "የቸኮሌት ወታደር" ይላቸው ነበር፣ ውጊያ ሲግል ይቀልጣሉ ለማለት። ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ወዳለችው ፓፑዋ ወስደው መጀመሪያ መርከብ ሲያስራግፏቸውና መንገድ ሲያሠሯቸው ከረሙ። ከዚያ በፈረንጆቹ 1942 ሐምሌ ላይ ጃፓኖች በሰሜኑ ጠረፍ ሲወርዱ እነዚሁ ልጆች ናቸው በኮኮዳ መንገድ ቀድመው የተላኩት። መንገድ ይባላል እንጂ 96 ኪሎ ሜትር የእግር ዱካ ነው፤ ዳገት፣ ጭቃ፣ ዝናብ፣ በዚያ ላይ አረንጓዴ ጫካ ውስጥ ካኪ ለብሰው። ቁስለኛውን በቃሬዛ ተሸክመው ያወጡት የፓፑዋ ሰዎች ናቸው፣ ይሄ ሊረሳ አይገባም። እዚያው መንገድ ላይ ያለች ኢሱራቫ የምትባል መንደር ላይ ረሃቡም ተቅማጡም ጨርሷቸው እያለ፣ ረዳት ጦር እስኪደርስ ያዙ። አልቀለጡም አባዬ። በ1943 መጀመሪያ ከግንባር ሲወጡ ለሰልፍ የቆሙት 32 ብቻ ነበሩ። ሌላው ሞቷል፣ ቆስሏል፣ ወይ በወባ ወድቋል።

ሴትዮዋ ምን አሉኝ መሰለህ፣ አባታቸው ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አላወሩላቸውም። ልጆቹ የሚያውቁት ወባው ሲነሳባቸው ብርድ ልብስ ደራርበው ሲንቀጠቀጡ ብቻ ነው። ይሄን ሲነግሩኝ እንባዬ መጣ። አባባም እንዲሁ አልነበሩ? ከቃኘው ጋር ኮሪያ ዘምተው መጥተው፣ ስንጠይቃቸው "ብርዱ ነው እንጂ" ብለው ዝም። እኔም ልጅ ነኝና ደግሜ አልጠየቅኳቸውም፣ አሁን እሱ ነው የሚቆጨኝ።

እና አባዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን የወታደር ልብስ የለበሱበትን ፎቶ አንሳና በቴሌግራም ላክልኝ። ጀርባውንም አንሳልኝ፣ የተጻፈ ነገር ይኖረዋል። ለአንተ ብቻ ያወሩህ ካለም በድምፅ ቅዳልኝ፣ ትንሽም ቢሆን። ሴትዮዋም ፎቷቸውን ማየት ይፈልጋሉ፣ አሳይዎታለሁ ብያቸዋለሁ።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ