ደብዳቤ ለልጄ፦ ቁልፉን ከመስጠትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ነበር። ስለ ጤናሽና ስለ ሥራሽ ጠየቅሁት። ሦስተኛዋን መኪና እንዳስገባሽ ደስ ብሎት ነገረኝ። መኪናዋ ገና በማግስቱ ጭነት ይዛ ወጣች አለኝ። «በአንድ ቀን ሹፌር ከየት ተገኘ?» አልኩት። ደላላ በስልክ እንዳገናኛችሁ፣ መንጃ ፈቃዱን ለመያዣ ተቀብለሽ ቁልፉን እንደሰጠሽው ነገረኝ። «ውሉስ?» አልኩት። «እሱን በኋላ ይጨርሱታል» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ ማለት ነበረብኝ። እንኳን ደስ አለሽ፣ የእኔ ጎበዝ። አባትሽ ቢኖር መኪናዋን ሲዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ሲያደርግ ይውል ነበር። ግን ወረቀት ሳትፈራረሚ ቁልፍ አትስጪ። ይህን ነገር ደግሜ ደጋግሜ ብጽፈው አትሰልቺ።

አንቺ «ጋሼ» የምትይውን፣ አቅፎ መሪው ፊት ያስቀምጥሽ የነበረውን ሹፌራችንን ታስታውሺዋለሽ። ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቷል። ድንገት ሲጠፋብሽ «ሥራ ቀየረ» ነበር ያልንሽ። እውነቱ እሱ አይደለም።

ያን ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ሲነዳ ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ ገባ። ወዲያው አንድ ደንበኛ ደወለ፤ ዕቃው ሌሊቱን መድረስ አለበት አለ። አባትሽ «ይቺን ብቻ አድርስልኝ» ብሎ ለመነው። ጋሼ እምቢ ማለት አያውቅበትም። ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ መንገድ ስቶ ገደል ገባ። በሕይወት ተረፈ፤ ቀኝ እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች አጣ።

ሆስፒታል ጠይቀነዋል፣ አልቅሰናል። የካሣው ነገር ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ሆንን። አንድ የምናማክረው ሰው «ውል አለው?» ብሎ ጠየቀን። የለውም። «ደመወዝ የፈረመበት ወረቀትስ?» የለም። «እንግዲያው ሠራተኛችን አይደለም፣ በጉዞ ሒሳብ የምናሠራው የግል ሰው ነው በሉ» አለን። አባትሽ እንደተባለው ተናገረ። እኔም ቀርቤ ተጠየቅሁ። «የሒሳብ ደብተር ትይዣለሽ?» አሉኝ። አልይዝም አልኩ። ልጄ፣ የስድስት ዓመት ደመወዙ በየወሩ፣ በእጄ ጽሕፈት የተጻፈበት ደብተር ልብስ ሳጥኑ ውስጥ ነበር።

ተፈረደልን። ጋሼ በክራንች ተነስቶ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «እትዬ፣ ለልጅቷ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ» አለኝ። ሰላምታውን አላደረስኩልሽም። ይኸው ዛሬ አደረስኩ።

ሰው ውል የሚጽፈው ሠራተኛውን ለመያዝ ይመስለዋል። እኛ ቤት አንድ ገጽ ውል ኖሮ ቢሆን፣ ያን ቀን የሚይዘው አባትሽንና እኔን ነበር። ለዚህ ነው ወረቀት ሳትፈራረሚ ቁልፍ አትስጪ የምልሽ። አንቺ ክፉ ልጅ ስላልሆንሽ አያስፈልገኝም ትይ ይሆናል። እኛም ክፉ ሰዎች አልነበርንም። ፈራን። ገንዘብ የለንም፣ መኪናዋም ተሰባብራለች፣ ዕዳ አለብን። በፈራንበት ሰዓት የሚያስቆመን ወረቀት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሥራ ሕግ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ የገባኝ፣ ያ አማካሪያችን ያስጠናን ነገር እንደማያስኬድ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 198 ላይ፣ አንድ ሰው ሠራተኛ መሆኑ የሚታየው በተሰጠው ስም ሳይሆን ሥራው በተግባር በሚሠራበት ሁኔታ ነው ይላል። መኪናው የማን ነው? የት ሂድ፣ መቼ ተመለስ የሚለው ማን ነው? ክፍያው በየጊዜው ይመጣል ወይ? የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 በስልክ መተግበሪያ ታክሲ የሚያገናኘውን የኡበርን ሹፌሮች ጉዳይ ሲያይ ኩባንያው «በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው» ማለቱን አልተቀበለውም። ዝቅተኛ ደመወዝና የሚከፈልበት ዕረፍት የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው አለ። ስለዚህ አንቺም «ይሄኛው በጉዞ ነው የማስብለት፣ ሠራተኛዬ አይደለም» የሚል ነገር ከአፍሽ እንዳልሰማ። መኪናዋ ያንቺ፣ ትእዛዙ ያንቺ፣ ሰውየውም ያንቺ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ስትናገሪ ብሰማ በጣም ነው የማዝንብሽ።

አሁን ወደ መንጃ ፈቃዱ። ዛሬውኑ መልሺለት። ማን መከረሽ? የሠራተኛን መታወቂያ ወይም ሰነድ ይዞ ማስቀረት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከዘረዘራቸው 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱ ነው። እንዳይጠፋብኝ ብለሽ ያደረግሽው መሆኑን አውቃለሁ። ግን ደግሞ አስቢው፤ ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመው ምን ያሳያል? ያንቺን መኪና፣ ያለ መንጃ ፈቃድ እንዲነዳ ያደረግሽው አንቺው ነሽ። ኮፒ አድርገሽ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጪ፤ ዋናው ከኪሱ አይውጣ። ኮፒውንም አትመኚው። የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደሽ ወይም ደውለሽ እውነተኛ መሆኑን፣ ጊዜው አለማለፉን፣ ደረጃው ለዚያች መኪና የሚፈቅድ መሆኑን አረጋግጪ።

ደላላውንስ ማን ከፈለው? ሹፌሩ ከሆነ ገንዘቡን መልሺለት። ሥራ ፈላጊ ሥራ ለማግኘት መክፈል የለበትም፤ የዚሁ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1997ቱ ስምምነት ቁጥር 181 በግል የሥራ አገናኞች ላይ የከለከለው ይህንኑ ነው። ሹፌር የፈለግሽው አንቺ፣ የምትከፍዪውም አንቺ ነሽ። ከደመወዙ ቀስ በቀስ እቆርጣለሁ እንዳትዪ።

ሰውየውን አላውቀውም፤ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን አንቺም አታውቂውም። ሹፌር በስልክ አይቀጠርም። መጀመሪያ የምትፈልጊውን ጻፊ፦ የመኪናውን ዓይነት፣ የሚፈለገውን መንጃ ፈቃድ፣ መስመሩን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ ደመወዙን። ይህን ያላየ አመልካች ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥሎሽ ሲሄድ ታማርሪያለሽ። ቀድሞ ይሠራ የነበረበት ቦታ ራስሽ ደውዪ። የልምድ ወረቀቱን ብቻ አንብበሽ አትለፊው፤ «ዳግም ትቀጥሩታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለው ዝምታ ብዙ ይነግርሻል።

ከዚያ መኪናው ጋ ውሰጂው። ቁልፍ እንዳትሰጪው፣ ዝም ብለሽ ቁሚ። ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱን ሳታዥው ካየ፣ ይህ ሰው መኪና ያውቃል። ዘሎ ገብቶ ወንበሩን ማስተካከል ከጀመረ ሌላ ሰው ፈልጊ። ባዶ መኪና ብቻ አታስነጂው፤ ጭነት እንዳለበት ቁልቁለት ላይ፣ ኋላ ማርሽ ላይ እይው። ሁሉንም አመልካች በአንድ ዓይነት መንገድ ፈትኚ፤ ውጤቱንም በጽሑፍ ያዢ። አንድ ጥያቄ ደግሞ ከእኔ ይሁን፦ «ደክሞኛል ብለህ ጉዞ እምቢ ያልከው መቼ ነው?» በዬው። መቼም እምቢ ብሎ የማያውቅ ሹፌር ያስፈራኛል። ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ።

አግብተሻል ወይ፣ ልትወልጂ አስበሻል ወይ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው የሚሉ ጥያቄዎችን ተያቸው። መንዳት ከመቻሉ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ሴት ሹፌር ብትመጣ ደግሞ አንቺ ራስሽ ስትጀምሪ ምን እንደተባልሽ አስታውሺ። ለረዳትነት ልጅ አትቅጠሪ። 18 ዓመት ያልሞላው ሰው እንዲህ ያለ አደገኛ ሥራ ላይ አይሰማራም፣ ቤተሰቡ ቢለምንሽም።

የሰዓቱ ነገር አንጀቴን ነው የሚበላኝ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመንገድ ትራንስፖርት ስምምነት ቁጥር 153፣ ሹፌር ሳያርፍ ከ4 ሰዓት በላይ በተከታታይ እንዳይነዳ፣ ትርፍ ሰዓቱ ጭምር ተቆጥሮ በቀን ከ9፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ተከታታይ ሰዓት ማረፍ አለበት። የአገሩ ሕግ ሊጠብቅ ወይም ሊለይ ስለሚችል፣ የምትሠሪበትን አገር አዋጅ ገዝተሽ ጠረጴዛሽ ላይ አኑሪው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ፣ 17 ሰዓት የነቃ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል ቅልጥፍናው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጋሼ አደጋው ሲደርስበት 21 ሰዓት ነቅቶ ነበር። ሰዓቱን ደምሬ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ለረጅም ጊዜ አልተነሳሁም።

ስለዚህ ደመወዙን በጉዞ ብዛት አታስሪው። ብዙ በሮጠ ቁጥር ብዙ የሚያገኝ ሰው ይሮጣል፤ እንቅልፉንም ይሸጥልሻል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ክፍያን ከርቀት ወይም ከጭነት ብዛት ጋር አያይዞ የመንገድ ደህንነትን አደጋ ላይ መጣልን ይከለክላል። ቋሚ ደመወዝ ይኑረው፤ ውሎ አበሉ ለብቻው ይጻፍ፤ ትርፍ ሰዓቱ ለብቻው ይታሰብ። ደንበኛ ሲቸኩልብሽ «ሹፌሬ ተኝቷል» በዪ። ደንበኛው ሌላ ጋ ይሂድ። እውነቴን ነው፣ ይሂድ።

ወረቀት ሳትፈራረሚ ቁልፍ አትስጪ ብዬሻለሁ። ወረቀቱ ረጅም አይሁን፤ ስም፣ ሥራ፣ የጀመረበት ቀን፣ ደመወዝና የሚከፈልበት ቀን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድ፣ ውሉ በምን ሁኔታ እንደሚቋረጥ። የሙከራ ጊዜ ካለው ስንት ቀን እንደሆነ ቀድሞ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ የሙከራ ጊዜ እንደሌለ ቁጠሪው። መኪናው ቢጋጭ ከደመወዙ እንዲቆረጥ የሚል ነገር ከመጨመርሽ በፊት ሕጉ የሚፈቅደውን እይ። ደመወዝ ልጆቹ የሚያድሩበት ነው፤ አሠሪ በንዴት የሚቆርጠው ገንዘብ አይደለም። የሥራ ላይ ጉዳት መድን ሳትገቢ ደግሞ አንዲት መኪና ከግቢ እንዳትወጣ። ይህን ለነገ አትበዪው።

ማባረርም ይመጣል። አንድ ቀን ነዳጅ የሚሸጥ ወይም ጠጥቶ የሚነዳ ይገጥምሻል። ያን ጊዜ በስልክ ጮኸሽ አታሰናብቺው። የጠጣውን ወዲያው ከመሪው አውርጂው፤ ስለ ስንብቱ ግን በማግስቱ አስቢ። ያደረገውን በጽሑፍ ንገሪው፣ መልሱን ስሚ፣ መልሱንም ጻፊ። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1982ቱ ስምምነት ቁጥር 158፣ በጥፋት የተከሰሰ ሠራተኛ ራሱን የመከላከል ዕድል ሳያገኝ እንዳይሰናበት ይላል። መብቴ ተነካ ብሎ የከሰሰሽን ሰው ግን በዚያ ምክንያት እንዳትነኪው። ጋሼን ሳስብ ይህ ነው የሚመጣብኝ፤ እሱ ከሰሰን እንጂ አልበደለንም።

አባትሽ ከመሞቱ በፊት እንድፈልገው ነግሮኝ ነበር። ፈለግሁት፣ አገኘሁትም። እሱን ስትመጪ በአፌ እነግርሻለሁ፤ በደብዳቤ አይሆንም።

ደብተሩን በወንድምሽ እጅ ልኬልሻለሁ። ሽፋኑ ተቀዷል፣ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። ከመጨረሻው ወር በቀር ሁሉም ተሞልቷል። በመሥሪያ ቤትሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው እንጂ ለማንም አታሳዪው።

ራስሽም ሌሊት አትንጂ። ወገብሽን የሚያምሽን ነገር ሐኪም አሳዪ፤ ሁለተኛ ጊዜ ነው የምነግርሽ።

ዛሬ ማታ ሹፌሩ ሲመለስ ቁልፉን ተቀበዪው፣ መንጃ ፈቃዱን ስጪው። ከመቼ ጀምሮ እንዳልተኛ ጠይቂው። ነገ ቁጭ ብላችሁ ውሉን አብራችሁ አንብቡ፤ ያልገባው ካለ አስረጂው። ሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ለእሱ። ፈርማችሁ ስትጨርሱ ደውዪልኝ። ስልኩን ከአጠገቤ አላርቀውም።

እናትሽ