ቅዳሜ ወጣቶቹን ወደ የጎፍ ተራራ ለምትመሩ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣

ከኮምቦልቻ የምንነሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ከተማዋ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሙቀቷ ያታልላል፤ ልጆቹ ጃኬት ጥለው ይመጣሉ። ሳንነሳ የሁሉንም ቦርሳ እዩልኝ። የላይኛው ብርድ ሌላ ነው፣ በልግም ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ዝም ያለውን ልጅ እንድትከታተሉ ነው። የሚያማርረው ችግሩን እየነገራችሁ ነው። ልብሱ ርሶ የሚንቀጠቀጥ፣ ምላሱ የሚተሳሰር፣ እግሩ የሚደናቀፍ ልጅ ካያችሁ ግን ብርዱ ሰውነቱን ይዞታል። እርጥቡን አውልቃችሁ በደረቅ ልብስ ጠቅልሉት፤ በደንብ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት። እጅና እግሩን አትሹት፣ ብቻውንም አትተዉት።

ከፊት ያለው መሪ እርምጃውን በደካማው ልጅ ልክ ያድርግ። ነጎድጓድ ከሰማን ጫፍ ባንደርስም ከሸንተረሩ እንወርዳለን። ልጆቹ ቅር ይላቸዋል፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ለወላጆቻቸው በሰላም ማስረከቡን እመርጣለሁ።

ደኑ ውስጥ እሳት አናነድም፤ ሻዩ በፔርሙስ ይያዝ።

አስም ያለባቸውን ልጆች ስም ዛሬ ማታ ላኩልኝ፤ የሚነፋው መድኃኒታቸውም ቦርሳ ሥር ሳይሆን ኪሳቸው ውስጥ ይሁን።