«ነዋሪ አልባ» የተባልነው እኛ ነን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጥንታዊ የከተማ ማዕከላት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ድንጋዩና ስለ ጣሪያው የተጻፈው ደህና ነው። ያንገበገበኝ «ዛሬ ነዋሪ አልባ የሆኑት አሮጌ ሰፈሮች» የሚለው ሐረግ ነው። እኔ እንዲህ ባለው ሰፈር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ዘጋቢያችሁ አስጎብኚ፣ ባለ ሆቴልና አርክቴክት አነጋግሯል፤ የአንዳችንን በር ግን አላንኳኳም።

መመናመናችንን አልክድም። ለምሳሌ የጣሊያኗ ቬኒስ ታሪካዊ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175,000 ነዋሪ ነበረው፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወርዷል። ታዲያ የቀሩት ሰዎች አይደሉም? «ጥቂት ቀሩ» ካላችሁ አንባቢ ሌሎቹ ለምን እንደሄዱ ይጠይቃል። «ማንም የለም» ካላችሁ ግን ቤቱን ለፈለገው ሁሉ አስረከባችሁት ማለት ነው።

ለምን እንደሚሄዱ እኔ ከደጃፌ አያለሁ። ድሮ ጎረቤት መንገድ ሲሄድ ቁልፉን እኔ ጋ ያስቀምጥ ነበር። አሁን ከመግቢያው በር ጎን በቁጥር የሚከፈቱ ሦስት ትንንሽ የቁልፍ ሣጥኖች ተሰቅለዋል። በየአዳሩ የሚቀያየረው እንግዳ ሻንጣውን በድንጋዩ ላይ እያንኳኳ ይመጣል፤ ቁጥሩ ሲጠፋው የእኔን ደወል ይጫናል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቼ ስንቱን አስገብቻለሁ! ነዋሪ ከሌለ ማን ከፈተላቸው? አከራዬም ክፍሌን በአዳር ቢያከራየው እንደሚያዋጣው ነግሮኛል፤ ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሌላ መንገድ አልጠፋም። የጣሊያኗ ከተማ ቦሎኛ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የማዕከሏን ያረጁ ቤቶች ለማደስ ስትነሳ፣ አቅም የሌላቸው ነዋሪዎች ከሰፈራቸው እንዳይፈናቀሉ በዕቅዷ ውስጥ አስገብታ ነበር። ዓለም አቀፉ የቅርስ ባለሙያዎች ማኅበር ኢኮሞስም እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው የዋሽንግተን ቻርተር፣ የታሪካዊ ከተሞች ጥበቃ ከሁሉ በፊት ነዋሪዎቻቸውን እንደሚመለከት አስፍሯል። አንድ ሙሉ ገጽ ስለ ቅርስ ጥበቃ ጽፋችሁ ይህን መዝለላችሁ ያሳዝናል።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ ይምጣ። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ፣ ደረጃው እየከበዳቸው ከቤት መውጣት የተዉ አዛውንት አሉ። ጋዜጣውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ነዋሪ አልባ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

ከአሮጌው ሰፈር ነዋሪዎች አንዷ