ሳድል ከመላካችሁ በፊት ጭኑን አስለኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሜሪላንድ ውስጥ ዛፍ ላይ እየወጣሁ ቅርንጫፍ የምቆርጥ ሰው ነኝ። ሥራዬን ስናገር አበሻው ይስቃል፤ «አሜሪካ ድረስ ሄደህ ዛፍ ላይ?» ይሉኛል። ይሁን። ዛሬ የጻፍኩት ሳድል፣ ማለትም ዛፍ ላይ ስንወጣ የምንታጠቀውን መታጠቂያ፣ ለዘመድ ስልክ የተሳሳትኩትን ሌላው እንዳይደግመው ነው።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ የአክስቴ ልጅ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ አየሁት። አንድ ገመድ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ግንዱን አዙሮ አስሮታል፣ በቃ። ቢያዳልጠው ገመዱ የሚይዘው ሆዱን ነው። እዚህ አሜሪካ በግንባታ ሥራ ላይ የወገብ ቀበቶን ብቻውን ከመውደቅ መከላከያ አድርጎ መጠቀም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ ቀርቷል፤ ሰው ድንገት ሲወድቅ ያ ሁሉ ጉልበት አንጀቱና አከርካሪው ላይ ስለሚያርፍ ነው።

እኛ የምንታጠቀው ሳድል ይባላል፣ ኮርቻ እንደማለት። ስሙ ልክ ነው፣ ሰው ይቀመጥበታል። ክብደቱ ወገብ ላይ ብቻ ሳይሆን ጭንና ዳሌ ላይ ይከፋፈላል። ግን እሱም ለመቀመጥ እንጂ ለመውደቅ አልተሠራም፤ የተንጠለጠልንበት ገመድ ሁሌም መወጠር አለበት።

ተመልሼ አንድ ገዝቼ ላክሁለት። በራሴ ልክ! እኔ እዚህ በበርገር የወፈርኩ፣ እሱ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ። በቪዲዮ ደውሎ ሲያሳየኝ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦት አሁንም ወገቡ ላይ ይዞራል። ሳይዝ የሚባለው የወገብ ብቻ አይደለም፣ የጭንም ልክ አለው፤ ያውም በሥራ ልብስ ላይ የተለካ።

በልኩ የላክሁለት ሁለተኛው ሳድል ሲደርሰው ግቢያቸው ያለ ዝግባ ላይ፣ እግሩ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ተንጠልጠል አልኩት። መጀመሪያ ቀበቶው ከዳሌ አጥንት በላይ ጠበቅ ይላል፣ አለዚያ ሲንጠለጠሉ ወደ ጎድን ይሸሻል። ቀጥሎ የጭኑ ማሰሪያ፤ መዳፍ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚገባበት ያህል ክፍተት ይበቃዋል። ከጠበቀ ጉልበት አይነሳም፣ ከላላ ደግሞ ወደ ብሽሽት ይሳባል፣ ወንዶች የምለው ይገባችኋል። ከፊት ግራና ቀኙን የሚያገናኘው አጭር ገመድ፣ ብሪጅ የምንለው፣ ካጠረ ዳሌን ይጨምቃል፣ ከረዘመ ዋናው ገመድ ከእጅ ይርቃል። ለእሱ ቁጥር የለውም፣ ተንጠልጥሎ እየሞከሩ ነው።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላው «ተመችቶኛል፣ ልውረድ» አለኝ። ሩብ ሰዓት ቆይ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ግራ እግሩ ደነዘዘ። የግራውን ማሰሪያ አላላን፣ መጋዙንና ካራቢነሮቹን፣ ገመድ የሚያያዝባቸውን የብረት መቆለፊያዎች፣ አንጠልጥሎ እንደገና ሞከረ፣ ምክንያቱም የዕቃው ክብደት ሳድሉን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል። መደንዘዝን እንደ ቀላል አትዩት። ሳይንቀሳቀሱ ብዙ ከተንጠለጠሉ ደም እግር ላይ ይቀርና ሰው ራሱን ይስታል፣ ያኔ ከላይ ማን ያወርደዋል?

ስለ ሳድሉ ስፖንጅም አንድ ነገር ልበል። ሱቅ ውስጥ በጣት ሲጫኑት ለስላሳው ሁሉ ምቹ ይመስላል። ሰው ሲቀመጥበት ግን ይታጠፍና ጠርዙ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ሰፋና ጠንከር ያለው ይሻላል፣ ዋጋው ቢያሳምምም።

አሮጌ ሳድል «ከመጣል ይሻላል» ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ የምትከቱ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ስፌቱ የተተረተረ፣ ፀሐይ ያነጣው፣ ታሪኩ የማይታወቅ ሳድል ለዘመድ አይሰጥም።

ልጁ አሁን ደግሞ ቦት ጫማ ጠይቆኛል። በዚህኛው ቁጥሩን አስቀድሜ ተቀብያለሁ።

ዛፍ ቆራጩ፣ ከሜሪላንድ