አሥራ አንድ ለአራት

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ዘጠኝ ዓመት «ከረምክ» ተብሎ የሚታለፍ ጊዜ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ ቃል ግን አላገኘሁም። ቤተሰብ እንዴት ነው? ሥራስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ግራ እግሬ ብቻ ከደረጃ ላይ ወድቄ ስለተሰበረ ከአልጋ ከዋልኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። በእኔና በአንተ ቋንቋ፣ በሰሌዳ ላይ በምንጫወተው የጦርነት ጨዋታ ቋንቋ፣ የእንቅስቃሴ ነጥቤ ዜሮ ሆኗል። የቀረውን ወሬ በሌላ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ፤ ይህኛው ስለ አንድ ጥቃት ነው። የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ።

ያንን የጨዋታ ሣጥን አስወረድኩት። የካርቶን ጠጠሮቹ ሁሉም አሉ፤ አንዲት የመድፍ ሻለቃ ብቻ ጠፍታ በወረቀት ቁራጭ ተክቻታለሁ። ደብተሬም እዚያው ውስጥ ነበር። በካርታው ላይ እያንዳንዱ ባለ ስድስት ጎን ቤት ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ስላለው፣ ጨዋታው የተቋረጠበትን ምሽት አሰላለፍ መልሶ መደርደር ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ያንተ እግረኛ ብርጌድ 1407 ላይ፣ የመከላከል ኃይሉ 4። የእኔ ሦስት ክፍሎች በሦስት ጎን ይዘውታል፤ 5፣ 4 እና 2፣ በድምሩ 11። ዳይሱን ወረወርኩ። 5 ወጣ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልደግመውም።

11ን ለ4 ስናካፍል 2.75 ነው። እኔ «ወደ ሦስት ይቀርባል፤ ስለዚህ 3 ለ 1 ነው» አልኩ። አንተ «ትርፉ ይጣላል፤ 2 ለ 1 ነው» አልክ። በውጤት ሰንጠረዡ ላይ 5 ሲወጣ፣ በ3 ለ 1 አምድ ብርጌድህ ይደመሰሳል፤ በ2 ለ 1 አምድ የማፈገፍገው እኔ ነኝ። የደንቡን መጽሐፍ እንግለጠው ስትለኝ፣ ይህ የሂሳብ እንጂ የደንብ ጉዳይ አይደለም ብዬ አሻፈረኝ አልኩ። መጽሐፉ እኮ እጄ ሥር ነበር። ባለፈው ሳምንት ገለጥኩት። ክፍልፋይ ሁልጊዜ ለተከላካዩ እንዲጠቅም ወደ ታች ይወርዳል ይላል፤ በአንድ መስመር፣ ለክርክር በር ሳይከፍት። ትክክል ነበርክ።

የሚያሳፍረኝ ግን ከዚህም የባሰ ነው። አንዲት ቃኚ ሻለቃ ትዝ ትልሃለች? የማጥቃት ኃይሏ 1፣ እንቅስቃሴዋ 4። በዚያ ተራ ቀጥታው መንገድ አጭር መስሎኝ በደኑ ውስጥ ላክኋት። ሁለት የደን ቤት፣ እያንዳንዱ 2 ነጥብ። የመጀመሪያው ቤት ግን በኮረብታው ላይ ያስቀመጥከው ክፍል የቁጥጥር ክልል (የጠላት ክፍል ሲገባበት የሚቆምበት ቤት) ነበርና እዚያው ተይዛ ቆመች። ጎዳናውን ብትይዝ አራት ቤት ዞራ፣ ለእያንዳንዱ 1 ነጥብ ከፍላ፣ ማንም ሳይነካት 1407 ጥግ ትደርስ ነበር። አሥራ ሁለተኛዋ ነጥብ! ማለትም 3 ለ 1 በእጄ ነበር፤ በሕጋዊ መንገድ፣ ያለ ጩኸት። አንተ ይህንን አይተህ ዝም ብለህ እንደሆነ ግን ሳልጠይቅህ አላልፍም።

ድሮ ትርፉን የሚጥለው ደንብ ተከላካይን ማባበያ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንዲያ አላስብም። 2.75 ወደ ሦስት ቢጠጋ ኖሮ ያቺን ሻለቃ የሚያስታውሳት ማን ነበር? አንድ ነጥብ ስለጎደለ ነው ዓይን ካርታውን የሚያስሰው፤ ጎዳናውን፣ ወንዙን፣ ከኋላ የተረሳውን ክፍል። ጦርነቱ የሚካሄደው እዚያ ፍለጋ ውስጥ ነው፤ ዳይሱ የሚናገረው መጨረሻውን ብቻ ነው።

ትክክል ነበርክ ያልኩህ ስለ ክፍልፋዩ ብቻ መሆኑን ግን ልብ በል። ባለ ስድስት ጎን ቤት እንከን የለውም ትል የነበረውን አሁንም አልቀበልም። በአራት ማዕዘን ሰሌዳ ላይ በሰያፍ፣ ከጥግ ወደ ጥግ፣ አሥር ቤት የሄደ ክፍል በአሥር ነጥብ የአሥራ አራት ቤት ርቀት ይሸፍናል፤ ይህ ማጭበርበር ነው። ቻርልስ ሮበርትስ የጦርነት ጨዋታ አሳታሚውን አቫሎን ሂልን ባቋቋመበት በ1958 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያወጣው የጌቲስበርግ ጨዋታ ካርታው በአራት ማዕዘን ቤቶች የተከፈለ ነበር። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ተመራማሪዎች በባለ ስድስት ጎን መረብ ሲሠሩ አይቶ በ1961 እሱም ወደዚያው ዞረ፤ መልካም አደረገ። ስድስቱም ጎረቤቶች ከመሃል እኩል ይርቃሉና። ነገር ግን በጎኑ ሳይሆን በማዕዘኑ አቅጣጫ መሄድ ሞክር፤ ሁለት ቤት ከፍለህ የምትራመደው 1.73 ብቻ ነው፣ ያውም ግራና ቀኝ እየተወላገድክ። እንጨት ስሪት (የጭረት አቅጣጫ) እንዳለው ሁሉ ይህም ካርታ ስሪት አለው፤ ከስሪቱ ጋር የሚዘምት ጦር ይፈጥናል፣ ስሪቱን አቋርጦ የሚዘምት ይዘገያል። በዚህ ላይ መልስ ካለህ ጻፍልኝ።

ያንን ጨዋታ እንቀጥል አልልህም፤ ሻለቃዋ የቆመችበትን ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ይልቅ ዳይስም የኃይል ሰንጠረዥም የሌለበትን፣ በባለ ስድስት ጎን ቤቶች ሰሌዳ ላይ የሚካሄደውን ሄክስ የተባለ ጨዋታ በደብዳቤ እንጫወት። ዴንማርካዊው ፒት ሃይን በ1942 የፈጠረው፣ አሜሪካዊው የሂሳብ ሊቅ ጆን ናሽም ከእርሱ ሳይሰማ በ1948 ገደማ ራሱ የደረሰበት ነው። አንዱ ላይና ታችን፣ ሌላው ግራና ቀኝን በጠጠር ሰንሰለት ያገናኛል። እኩል መውጣት የሚባል ነገር የለም፤ አንደኛው የግድ ይሻገራል። ናሽ ደግሞ ጀማሪው ሳይሳሳት ከተጫወተ እንደሚያሸንፍ አረጋግጧል፤ እንዴት እንደሚያሸንፍ ግን ማረጋገጫው አይናገርም። (እንዲህ ያለውን ማረጋገጫ አንተ ስትወድ፣ እኔ የሌለ ገንዘብ ደረሰኝ ይመስለኛል።) ጀማሪው እንዳይበዛበት ታዲያ ደንብ ተበጅቷል፦ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ያስቀምጣል፤ ሌላው ከወደደው ጠጠሩንም ወገኑንም ለራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ብልህ ጀማሪ ጠጠሩን መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ዳር ያኖራል።

ሰሌዳው 11 በ11 ነው፤ ይህ ቁጥር አልለቀን አለ። አምዶቹን ከሀ እስከ ተ፣ ረድፎቹን ከ1 እስከ 11 ብለናቸዋል። ጥቁር ላይና ታች፣ ነጭ ግራና ቀኝ። የምጀምረው እኔ ነኝ፣ በጥቁር።

ረ6።

አዎ፣ መሃሉ ነው። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የጽሕፈት ስሕተት አይደለም። አድራሻዬ እንደ ድሮው ነው።

ወዳጅህ